የድሮ ቅርፅ ያላቸውን ትናንሽ አኮስቲክ ጊታሮች እንዴት እንመርምር፣ እንዴት እናወዳድር?

በየጊዜው የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሁለት ትናንሽ የድሮ ቅርፅ ጊታሮች አግኝቻለሁ፤ የቱን ልያዝ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ክራቸው እኩል አዲስ ነው? ክሩ ከፍሬቱ (አንገቷ ላይ አግድም ከገባው ቀጭን ብረት) ያለው ከፍታ ተለክቷል? ካልሆነ ገና አላወዳደራችኋቸውም። የሰማችሁት የአዲስ ክርና የአሮጌ ክር ልዩነት ሊሆን ይችላል።

«ትንሽ» የምለው ከድሬድኖት (ከተለመደው ትልቅ አኮስቲክ ጊታር) የሚያንሱትን ነው፦ ፓርለር፣ 0፣ 00፣ 000፣ ኦኤም (እነዚህ የአሜሪካዊው ሠሪ የማርቲን የመጠን ስሞች ናቸው)፣ እንዲሁም የሌላው አሜሪካዊ ሠሪ የጊብሰን ኤል-00 እና ዘመዶቹ። «የድሮ ቅርፅ» ስል ደግሞ በእርግጥ የቆዩትንም፣ የቆዩትን መስለው ዛሬ የሚሠሩትንም ነው። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በግማሽ ሚሊሜትር የተከፈለ አጭር የብረት ማስመሪያና አንድ ሜትር
- 60 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ያልተጣመመ የብረት ማስመሪያ
- በድምፅ ቀዳዳው የሚገባ ትንሽ መስታወትና ትንሽ መብራት
- አንድ ቅጠል ስስ ወረቀት
- ለእያንዳንዱ ጊታር አንድ ዓይነት፣ አንድ ውፍረት ያለው አዲስ ክር
- ቱነር (የቅኝት መለኪያ)፣ ካፖ (አንገቷ ላይ ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ)፣ አንድ ፒክ (የክር መምቻ፤ ለሁሉም ያው ፒክ)
- የእርጥበት መለኪያ
- የሻንጣ ሚዛን
- መቅጃ ስልክና ማቆሚያ
- ደብተር
- ከተገኘ፣ የአልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ

1. መጀመሪያ የጊታሯን ሥራ ጻፉ

አንድ መስመር ይበቃል። «ማታ ቤት ውስጥ በጣት ለመጫወት።» «ከዘፋኝ ጋር በፒክ ለመምታት።» «ለጉዞ።» ይህን ካልጻፋችሁ ያማረች ጊታር ሁሉ የምታስፈልጋችሁ ይመስላችኋል። መጨረሻ ላይ ግድግዳው ላይ ሦስት አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ማሆጋኒ 00 ተሰቅለው ታገኛላችሁ። በተለይ መሰብሰብ ለጀመረ ሰው ይህች መስመር ገንዘብ ታድናለች።

2. ስሟን ሳይሆን ልኳን እመኑ

«ፓርለር» የሚባለው ስም ዛሬ ልቅ ሆኗል። አንዱ ሠሪ ፓርለር የሚላት ከሌላው 00 ልትበልጥ ትችላለች። ስለዚህ ሜትሩን አውጡና ከወገቧ በታች ያለውን ሰፊውን ቦታ ለኩ። እንደ መነሻ እነዚህን ያዙ፦

- ማርቲን መጠን 2 (እውነተኛው ፓርለር)፦ 30.5 ሴ.ሜ
- ማርቲን 0፦ 34.3 ሴ.ሜ
- ማርቲን 00 ባለ 14 ፍሬት (ትርጉሙ ደረጃ 3 ላይ አለ)፦ 36.4 ሴ.ሜ ገደማ
- ጊብሰን ኤል-00፦ 37.5 ሴ.ሜ ገደማ
- ማርቲን 000 እና ኦኤም፦ 38.1 ሴ.ሜ
- ለማነጻጸሪያ፣ ድሬድኖት፦ 39.7 ሴ.ሜ

አያችሁ? 000 ከድሬድኖት በስፋት የምታንሰው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ትልቁ ልዩነት ወገቧና ጥልቀቷ ላይ ነው። ወገቧ ጠበብ ስለሚል ጭናችሁ ላይ በደንብ ትቀመጣለች፤ ጥልቀቷ ስለሚቀንስ ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ አይጎላም። ስለዚህ ጥልቀቱንም ከታች ጫፏ ላይ ለክታችሁ መዝግቡ።

ቀጥሎ የክሩን ርዝመት ለኩ። ከነት (ክሮቹ አንገቷ ጫፍ ላይ ከሚያርፉበት ድጋፍ) እስከ 12ኛው ፍሬት ለኩና በሁለት አባዙ። እስከ ሳድሉ (ክሮቹ ገላዋ ላይ እስከሚያርፉበት ድጋፍ) በቀጥታ አትለኩ፤ ሳድሉ ለቅኝት ሲባል ሰያፍ ሆኖ ስለሚቀመጥ ልኩ ያሳስታል። ኦኤም 645 ሚ.ሜ ይወጣላታል። ባለ 14 ፍሬት 000 ግን 632 ሚ.ሜ ነው። ሁለቱ በገላ አንድ ናቸው፤ ዋናው ልዩነታቸው ይቺ 13 ሚሊሜትር ናት። በአንድ ዓይነት ክርና ቅኝት አጭሯ 4 በመቶ ያህል ውጥረት ይቀንሳል። ክሩ ለጣት ይለሰልሳል፣ ለማጠፍ ይቀላል፣ ድምፁም ትንሽ ይሞቃል። ረጅሟ ጠንከር ትላለች፤ ክርን ዝቅ አድርጎ ለሚቃኝ ሰው እሷ ትሻላለች።

የነቱን ስፋትም አትርሱ። 42.9 ሚ.ሜ ለፒክና ለኮርድ ይመቻል። 44.5 ሚ.ሜ በጣት ለሚጫወት የተለመደው ነው። በድሮ ባለ 12 ፍሬቶች ላይ 47.6 ሚ.ሜ ታገኛላችሁ፤ እጁ ትንሽ የሆነ ሰው ሳይሞክር አይግዛ።

3. አንገቷ በስንተኛው ፍሬት ገላዋን እንደሚነካ ቁጠሩ

አብዛኛውን ጊዜ 12 ወይም 14 ነው። ባለ 12 ፍሬት ስትሆን ብሪጁ (ሳድሉን የያዘው፣ ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት) ወደ ሰፊው ክፍል መሃል ይወርዳል። የፊት ጣውላው እዚያ ይበልጥ ስለሚንቀሳቀስ ድምፁ ሞላ ያለና ለስላሳ ይሆናል። ባለ 14 ላይ ብሪጁ ወደ ቀዳዳው ይጠጋል፤ ድምፁ ጠበቅና ጠራ ይላል፣ ከፍ ያሉ ፍሬቶችም በቀላሉ ይደረሳሉ። ሁለት ጊታሮች በዚህ ከተለያዩ ሌላው ሁሉ አንድ ቢሆን እንኳ የተለያየ ድምፅ ጠብቁ።

4. በመስታወት ውስጧን እዩ

የፊት ጣውላውን ከውስጥ የሚደግፉትን ቀጫጭን እንጨቶች ማገር እንበላቸው። መብራቱን በቀዳዳው አስገቡና መስታወቱን ወደ ላይ አዙሩ። ሁለት ማገሮች ከቀዳዳው በታች ተጠላልፈው ካያችሁ መስቀለኛ ማገር ነው። እንደ መሰላል ደረጃ አግድም የተደረደሩ ከሆነ የመሰላል ማገር ነው።

ይህ ልዩነት ከእንጨቱ ዓይነት ይበልጣል፤ ብዙ ሰው ግን አያየውም። መስቀለኛው ጣውላውን በርዝመቱም ስለሚደግፍ ድምፁ ሚዛናዊ ነው፣ ይቆያልም። የመሰላሉ ድምፅ ቶሎ ይፈነዳል፣ ቶሎ ይከስማል፤ መሃለኛው ድምፅ ከፊት ይመጣል። ሦስተኛውን ክር 5ኛው ፍሬት ላይ ያዙና አንዴ ምቱት። መስቀለኛ ማገር ባላት ጊታር ላይ ድምፁ ቀስ እያለ ይወርዳል። በመሰላሏ ላይ «ታክ» ብሎ ይነሣና ወዲያው ይቀንሳል። ለዘገምተኛ ዜማ ይህ ጉድለት ነው። ለብሉዝና ፈጠን ላለ የጣት አጨዋወት ግን የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ኖታዎቹ እርስ በርስ አይዋጡማ።

ሃርሞኒና ስቴላ የመሳሰሉት የድሮ ርካሽ የአሜሪካ ጊታሮች በአብዛኛው ባለ መሰላል ናቸው። የጊብሰን ርካሽ ስም የነበረው የ1930ዎቹ ካላማዙም እንዲሁ። አሜሪካዊው ሠሪ ኮሊንግስ በ2014 በዋተርሉ ስም ያወጣት ደብልዩኤል-14 መነሻዋ ካላማዙ ኬጂ-14 ናት፤ በሁለቱም ዓይነት ማገር ስለተሠራች ልዩነቱን ለመስማት ጥሩ ምሳሌ ናት። በጊብሰን በኩል ደግሞ ኤልጂ-0 ባለ መሰላል፣ ኤልጂ-2 ባለ መስቀለኛ ናቸው። ከውጭ ቅርፃቸው አንድ ነው።

ስለ እንጨት አጭር ላድርገው። ማሆጋኒ ጀርባና ጎን ደረቅና ግልጽ ድምፅ ይሰጣል፤ ሮዝውድ ከታች ይወፍራል፣ ከላይ ያብለጨልጫል። በማርቲን የሞዴል ስም ላይ 18 ማሆጋኒ፣ 28 ሮዝውድ ማለት ነው። ፊቷም ማሆጋኒ ከሆነ (እንደ 00-15ኤም) ድምፁ ይለዝባል፤ በኃይል ስትመቷት ግን ቶሎ ጣሪያዋን ትነካለች።

5. ጤንነቷን መርምሩ (ለቆዩት ግዴታ ነው)

ማስጠንቀቂያ፦ በጣም የቆየች ትንሽ ጊታር ላይ ዝም ብላችሁ የብረት ክር አትግጠሙ። ማርቲን የብረት ክርን እንደ መደበኛ ይዞ መሥራት የጀመረው በ1922 በ2-17 ሞዴል ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ለአንጀት ክር የተሠሩ ናቸው። ከ0.012 ኢንች የሚጀምር መደበኛ ስብስብ ስድስቱም ሲቃኙ ወደ 70 ኪሎ ገደማ ይስባሉ። ያን የማይችል ጣውላ ያብጣል፣ ብሪጁም ይነቀላል። ጥርጣሬ ካለ ናይለን ግጠሙ ወይም ባለሙያ ይያት።

ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

ሀ) የአንገት አቅጣጫ። ረጅሙን ማስመሪያ በፍሬቶቹ ላይ መሃል ለመሃል አስተኙና ወደ ብሪጁ ግፉት። ጫፉ የብሪጁን የላይ ጠርዝ ቢነካ ወይም ትንሽ ቢያልፈው ደህና ነው። የብሪጁን ፊት ዝቅ ብሎ ከገጨ አንገቷ ወደፊት ተስቧል። ይህ በሳድል አይድንም፤ አንገቷ ተነቅላ እንደገና መገጠም አለባት። ከባድ ሥራ ነው፣ የጥገና ወጪውን ከዋጋው ቀንሳችሁ አስቡ። ሳድሉ እስኪያልቅ ተሞርዶ ክሩ አሁንም ከፍ ካለም ምልክቱ ያው ነው።

ለ) ብሪጁ። ስሱን ወረቀት በብሪጁ የኋላ ጠርዝ ለማስገባት ሞክሩ። ከገባ ተነሥቷል። ከኋላው ትንሽ ማበጥ የተለመደ ነው፤ ጣውላው ለመንቀሳቀስ ስስ ሆኖ ስለተሠራ። የሚያሳስበው ከኋላው አብጦ ከፊቱ ሲሰረጉድ ነው።

ሐ) ከብሪጁ ሥር በውስጥ የተለጠፈችው ትንሽ ጣውላ። ይህን የሚያይ ሰው ጥቂት ነው፣ እናንተ ግን እዩት። የክሮቹ ጫፍ ላይ ያሉት የነሐስ ቀለበቶች ጣውላዋ ላይ ተስተካክለው መቀመጥ አለባቸው። ቀዳዳው ተቦርቡሮ ቀለበቶቹ ወደ ውስጥ ከሰመጡ ከውጭም ይታወቃል፦ ክሩ ጫፉ ላይ በድርብ የተጠመጠመበት ወፍራም ክፍል ተስቦ ሳድሉ ላይ ይወጣል። እንዲህ ስትሆን ድምፁ ይታፈናል፣ ቅኝቱም አይረጋም።

መ) ስንጥቅና የላላ ማገር። ክሮቹን በእጃችሁ አፍናችሁ የፊት ጣውላውን በጣት አንጓ በየቦታው ቀስ ብላችሁ አንኳኩ። አንድ ቦታ «ዝርር» ካለ እዚያ ያለው ማገር ከኮላው ለቋል። በደንብ የተጠገነ ስንጥቅ አያስፈራም፤ ክፍት ስንጥቅ ግን ያድጋል።

ሠ) ቀለሟ። በጨለማ ክፍል በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ አሮጌ ናይትሮ (በድሮ ጊታሮች ላይ የተለመደው ናይትሮሴሉሎስ ቫርኒሽ) ወደ አረንጓዴና ቢጫ ያደላል። አንድ ቦታ ብቻ ጠቁሮ ከታየ በኋላ የተቀባ ነው። ይህ ድምፁን ባይገድልም የሰብሳቢ ዋጋዋን በጣም ያወርዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ባሉ ማርቲኖች ላይ ረጅሙ ሳድል በኮላ የተጣበቀ ነው። በፒንሳ ጎትታችሁ ለማውጣት አትሞክሩ፤ ብሪጁ ይሰነጠቃል።

6. ዕድሜዋን ከአንድ ማስረጃ በላይ አረጋግጡ

ማርቲን ቀላል ነው። ከ1898 ጀምሮ ከ8000 የተነሣ ተከታታይ ቁጥር በአንገቱ ሥር ባለው ብሎክ ላይ አለ፤ ከ1930 መጨረሻ ጀምሮ የሞዴሉ ስምም ከቁጥሩ በላይ ይታተማል። ጊብሰን ያስቸግራል። በ1960ዎቹ ያው ቁጥር ለተለያዩ ጊታሮች ተሰጥቷል፤ በ1930ዎቹ ደግሞ የምታገኙት የፋብሪካ ትእዛዝ ቁጥር ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ ደብዝዟል።

ስለዚህ ቁጥሩን ከአሠራሩ ጋር አገጣጥሙ። ማርቲን የማገሩን ጎን እየሸረሸረ ማቅለሉን በ1944 አቁሟል። የሚስተካከል ትረስ ሮድ (አንገቷ ውስጥ የሚገባ፣ ጥመቷን የሚያስተካክል የብረት ዘንግ) ያስገባው በ1985 ነው። ብራዚላዊ ሮዝውድን በመደበኛ ሞዴሎቹ ላይ የተወው በ1969 ነው። «የ1950ዎቹ 00-18» ተብላ የቀረበች ጊታር ውስጥ የትረስ ሮድ መፍቻ ቀዳዳ ካያችሁ ወይ ቀኑ ወይ አንገቱ ልክ አይደለም።

7. ሁለቱን እኩል አድርጉ

ዋናው ደረጃ ይህ ነው፤ ለመዝለል የሚቀለውም ይኸው።

ጊታሮቹን ቢያንስ አንድ ሌሊት በአንድ ክፍል አሳድሩ። እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ መካከል ይሁን። የደረቀ ጣውላ ይሰረጉዳል፣ ክሩም ይወርዳል፤ እርጥበት የጠጣው ያብጣል፣ ድምፁም ይከብዳል። ለሁለቱም አዲስ ክር በአንድ ቀን ግጠሙ። ፎስፎር ብሮንዝ (የክር ዓይነት ነው) ካላችሁ ሁለቱም ፎስፎር ብሮንዝ ይሁኑ። ቃኙና አንድ ቀን ተዉአቸው፤ ክሩ ይለጠጥና ይረጋል።

ከዚያ በ12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ለኩ። በወፍራሙ ክር 2.3 እስከ 2.5 ሚ.ሜ፣ በቀጭኑ 1.7 እስከ 1.9 ሚ.ሜ ጥሩ መነሻ ነው። አንዷ 3.2 ሌላዋ 2.3 ከሆኑ ከፍ ያለችው ድምፀ ትልቅ ትመስላለች፤ ዝቅ ያለችው ደግሞ «ለእጅ ትመቻለች» ትባላለች። ሁለቱም ፍርድ የጊታሯ አይደለም። ሳድል የምትሞርዱ ከሆነ 12ኛው ፍሬት ላይ አንድ ሚሊሜትር ለማውረድ ከሳድሉ ሁለት ሚሊሜትር መቀነስ እንዳለበት አስቡ። የሞረዳችሁት አይመለስም። ስለዚህ የድሮውን ሳድል አስቀምጡና በአዲስ አጥንት ሥሩ።

የክር ርዝመታቸው ከተለያየ ክሩን በመቀያየር ለማስተካከል አትድከሙ። ያ ልዩነት የጊታሯ ጠባይ ነው።

8. ያንኑ ነገር በያንዳንዷ ላይ ተጫወቱ

ግድግዳ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ድምፁ ተመልሶ ስለሚመጣ አድማጭ የሚሰማውን ትሰማላችሁ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል፦

1. ክፍት ስድስተኛ ክር። አንዴ ምቱና እስኪጠፋ ሰከንድ ቁጠሩ።
2. አንደኛ ክር ከ5ኛ እስከ 12ኛ ፍሬት፣ አንድ በአንድ። ትንሽ ጊታር የምትጋለጠው እዚህ ነው። ደህናዋ ላይ ቀጭኑ ክር ሥጋ አለው፤ ደካማዋ ላይ ሽቦ ሽቦ ይላል። አንድ ኖታ ብቻ ከሞተ ፍሬቱን ወይም የላላ ማገርን ጠርጥሩ።
3. በጣት፣ በጣም በዝግታና በለሆሳስ። የምትመልሰው ድምፅ አለ ወይስ ካልመታኋት አትናገርም?
4. በፒክ ኮርድ፣ ከቀስታ ጀምራችሁ ኃይል እየጨመራችሁ። አንድ ቦታ ላይ ብትጨምሩም ድምፁ አያድግም፤ ይጨፈለቃል። ያ ነጥብ ጣሪያዋ ነው። ቀድሞ ጣሪያ የነካችው መጥፎ ናት ማለት አይደለም፤ ለደረጃ 1 ጽሑፋችሁ ትስማማለች ወይ ነው ጥያቄው።
5. ካፖ 3ኛ ፍሬት ላይ አድርጋችሁ ተራ ቁጥር 3ን ድገሙ።

ጊታር ስትቀያይሩ ፈጣን ሁኑ። ጆሮ የድምፅን ዝርዝር ቶሎ ይረሳል። ክብደቷንም በሻንጣ ሚዛን መዝግቡ፤ ቀላል ጊታር ብዙ ጊዜ ቶሎ ትመልሳለች፣ ግን ሕግ አይደለም።

9. ቅዱ፣ ከዚያ ሳታዩ ስሙ

ስልኩን አንድ ሜትር ርቀት ላይ፣ አንገቷ ከገላዋ የምትገናኝበትን ቦታ እያየ አቁሙ። ቀዳዳው ፊት ካስቀመጣችሁት ወፍራም ድምፅ ብቻ ይገባል። ስልኩ ድምፅን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ ያንን አጥፉ፤ አለበለዚያ ልዩነቱን ራሱ ያጠፋዋል። ቅጂዎቹን ስታዳምጡ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ትንሽ የጮኸው ሁሌ የተሻለ ስለሚመስል ነው።

ጓደኛ ካለ ዞር በሉና እሱ ይጫወት፤ የቱን እንደያዘ አይንገራችሁ። የታዋቂ ስም ጊታር ጭንቅላቷ ላይ ያለው ጽሑፍ ምን ያህል ጆሮ እንደሚያታልል እዚህ ትደርሱበታላችሁ።

10. አስቀማመጥ

የናይትሮ ቀለም ያላትን ጊታር ጎማ ወይም ፕላስቲክ ባለው ማቆሚያ ላይ አታቁሙ፤ ቀለሙ ይቀልጥና ይጣበቃል። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። በአልኮል አትጥረጉ፤ በጣም የቆዩት ላይ ያለው ሼላክ (የድሮ ቫርኒሽ ዓይነት) ይሟሟል። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉ፤ ሙቀት ኮላ ያላላል። ለረጅም ጊዜ የማትነኳትን ክሯን አንድ ድምፅ ያህል ዝቅ አድርጉላት።

ድንበር የምታሻግሩ ከሆነ ብራዚላዊ ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ በሳይቲስ (ለመጥፋት የተቃረቡ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ) ስምምነት በጥብቅ የተከለለ ነው፤ ያለ ወረቀት ጊታሯ ልትወረስ ትችላለች። ሌሎች የሮዝውድ ዓይነቶች ላይ በ2017 የመጣው ገደብ ለተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች በ2019 ተነሥቷል። በጣም የቆዩት ላይ የዝሆን ጥርስ ነትም ሊኖር ስለሚችል ከመነሣታችሁ በፊት አስመርምሩ።

የተለመዱ ስህተቶች

- አንዷን በሱቅ ሌላዋን በቤት ሞክሮ ማወዳደር። ያወዳደራችሁት ክፍሎቹን ነው።
- ከድሬድኖት ጋር በጩኸት ማፎካከር። ትንሽ ጊታር የምትመረጠው ለሚዛኗና ለፈጣን መልሷ ነው።
- ድምፅ ለመጨመር ብሎ ወፍራም ክር መግጠም። ስስ ጣውላ ይጨነቅና ድምፁ እንዲያውም ይታፈናል። ከ0.011 ኢንች የሚጀምር ክር ብዙዎቹን ይከፍታቸዋል፤ የቆዩትንም ያሳርፋል።
- የድሮ መቃኛዎችን በአዲስ ቀይሮ የድሮዎቹን መጣል። አዲሶቹን ግጠሙ፣ ግን አዲስ ቀዳዳ አትብሱ፤ የድሮዎቹን በከረጢት አድርጋችሁ ከኬዙ ጋር አኑሩ።
- «አሮጌ ስለሆነች ድምፅዋ ተከፍቷል» ብሎ ምርመራውን መዝለል። ማገሯ የላላም ጊታር ለጊዜው ሰፊ ድምፅ ትሰጣለች። ደረጃ 5ን ሳትጨርሱ ቀብድ አትስጡ።